የአዲስ አበባ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ሲመዘን፦ ከበሩ ውስጥ እና ከበሩ ውጪ

ኮንዶሚኒየም ሊገዛ ወይም ሊከራይ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ካሬ ነው? ስንተኛ ላይ ነው?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከገባ በኋላ ግን የሚያስደስተውም የሚያማርረውም በአብዛኛው ከበሩ ውጪ ያለው ነው፦ የውኃ ታንከሩ፣ የፍሳሽ ቱቦው፣ ማንሆሉ፣ አሸንዳው፣ ደረጃው። የዚህ ቤት መስፈርት ሲወጣ የግል ክፍሉ በካሬ ሜትር ተለክቷል። የጋራው ክፍል ግን ተሠርቶ ከተረከቡት በኋላ ማን፣ በምን ገንዘብ እንደሚያኖረው በቂ ትኩረት አላገኘም። ስለዚህ እዚህ ላይ ክብደቱ ወደ ጋራው ክፍል ያደላል።

የምንመዝነው ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በከተማ አስተዳደሩ የተገነባውን፣ 20/80 (20 በመቶ በነዋሪው ቁጠባ፣ 80 በመቶ በባንክ ብድር) በሚባለው መርሐ ግብር የታወቀውን ባለ ጂ+4፣ ማለትም ምድርና ከላዩ አራት ወለል ያለውን ብሎክ ነው። የንድፉ መነሻ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ከከተማው ጋር በቦሌ ገርጂ የሠራው የሙከራ ግንባታ ነበር። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ወጪ መቀነስ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ሶሌታው (በወለሎች መካከል ያለው ንጣፍ) ቀድሞ በተሠራ ቢምና በመሃሉ በሚደረደር ባዶ ብሎኬት፣ መስኮቱ ኤልቲዜድ የሚባለው ቀጭን የክፈፍ ብረት፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ። የቀረውን ፊኒሺንግ ነዋሪው እንዲጨርስ ተተወ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስቱዲዮ እስከ 20 ካሬ፣ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስት ከ45 በላይ ነበር። በኋላ የተሠሩት ሳይቶች ሰፋ ብለዋል።

መመስገን ያለበት ይመስገን። ትንሹ ስቱዲዮ እንኳ የራሱ ሽንት ቤት፣ መታጠቢያ፣ ማብሰያ፣ ውኃና መብራት እንዲኖረው የተቀመጠው መስፈርት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ይጋሩ ከነበሩበት የቀበሌ ቤት ለወጣ ሰው ይህ የኑሮ ለውጥ ነው። ክፍት ኮሪደርና ክፍት ደረጃ የተመረጠውም ለርካሽነት ቢሆን ጥቅሙ ሌላም ነው፤ ቤቱ በሁለት ወገን አየር ያገኛል፣ እሳት ቢነሳ ጭሱ ደረጃው ውስጥ አይታፈንም። ኮሪደሩን በቆርቆሮና በብረት በር የሚዘጋ ጎረቤት ይህን ጥቅም ለሁሉም ሰው ነው የሚያጠፋው።

ስፋቱን በተመለከተ አንድ ነገር ይበቃል። ሻጩ የሚነግርዎትን ወይም ካርታው ላይ የተጻፈውን ካሬ እንዳለ አይያዙ፤ ሜትር ይዘው ከልስን እስከ ልስን እያንዳንዱን ክፍል ይለኩ። የግድግዳ ውፍረት፣ የቱቦ ሻፍትና የጋራ ድርሻ ሲቀነሱ የሚኖሩበት ስፋት ከተባለው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ የሚነጋገሩትም በዚህ ቢሆን ይሻላል።

አጽሙ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ በምድብ «ሐ» አስቀምጦታል፤ ጂ+4 ከዚህ ስለሚያልፍ ጥብቅ ከሆነው ምድብ ውስጥ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የኮለንና የቢም፣ ማለትም የምሰሶና የአግዳሚ ተሸካሚ፣ አጽም ነው፤ የብሎኬት ግድግዳው መሙያ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «ስለዚህ ግድግዳ ማፍረስ እችላለሁ» የሚል ነው። እንደዚያ አይደለም። አዋጁ ሕንፃን መለወጥም ፈቃድ እንዲወጣበት አዝዟል። ምህንድስናውም የራሱ ምክንያት አለው፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ የመሙያ ግድግዳ ለሕንፃው ጥንካሬ ይሰጣል። ምድር ቤቱ ላይ ያሉ ሱቆች በየተራ ግድግዳ እያወጡ ሲሰፉ፣ ላይ አራት ወለል ግድግዳ ያለው፣ ታች ግን በኮለን ብቻ የቆመ ሕንፃ ይፈጠራል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው እንዲህ ያለው የለሰለሰ ወለል ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ነገሩ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ቤት ሲያዩ ምድር ወለል ላይ ያሉትን ኮለኖች ዞረው ይመልከቱ። ለቱቦ ወይም ለመብራት መስመር የተቦረቦረ ኮለን፣ የተቆረጠ ፌሮ፣ በቢሙ መሃል የተበሳ የፍሳሽ ቀዳዳ ካለ መሐንዲስ ሳያየው አይፈርሙ። የልስን ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም፤ ብሎኬቱ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ኮለኑ ላይ ወይም ቢሙ ጫፍ አካባቢ አግድም ወይም በሰያፍ የሚሄድ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው።

ኮርኒስ ላይ ከባድ ነገር የሚሰቅሉ ከሆነ ሶሌታው እኩል ጠንካራ እንዳልሆነ ይወቁ። ከቢሙ ሥር ቢበሱ ይይዛል፤ ከባዶው ብሎኬት ሥር ቢበሱ ፊሸሩ ለትንሽ ጊዜ ያዘ መስሎ ይወጣል። ቀስ ብሎ በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ይበቃል፤ ባዶው ቦታ ድምፁ ይለያል።

በብዙ ሳይቶች የውስጥ ክፍልፋይ አግሮስቶን የሚባለው ፓነል ነው። ቀላልና ፈጣን ነው፤ በማግኒዥየም ላይ የተመሠረተ ማያያዣ ስላለው ግን እርጥበት አይወድም። ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለው ጨው ደግሞ ሚስማርና ብሎን ያዝጋል። በመታጠቢያ ወገን ያለ አግሮስቶን ላይ በቀጥታ ሴራሚክ መለጠፍ ከተለመዱት ስህተቶች የከፋው ነው። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሲሰቅሉም በተራ ፊሸር ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ብሎንና በጀርባው በሚገባ ሰፊ ሮንዴላ ይሁን።

ውኃ

የዚህን ቤት ደካማ ጎን በአንድ ቃል ጥራ ብባል ውኃ እላለሁ። የከተማው መስመር በፈረቃ ነው፤ በመጣም ጊዜ ግፊቱ ከላይ አይደርስም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ውኃን 10 ሜትር ለማውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። የአራተኛ ወለል ቧንቧ ከመሬት በግምት 12 ወይም 13 ሜትር ላይ ነው። ሻወሩ ደህና እንዲወርድ ከዚያ በላይ ሌላ 1 ባር ይጨመራል። ስለዚህ ሕንፃው ሥር ከ2 ባር በላይ ካልደረሰ አራተኛ ላይ ያለ ሰው ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ነው የሚያገኘው፤ ምድር ቤት ያለው ግን ምንም አይሰማውም። በስብሰባ ላይ «ውኃ አለ፣ የለም» የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

የጋራ ታንከር ስንት መያዝ አለበት? አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ አራት ሰው ያለበት ቤት 200 ሊትር ይፈልጋል። 30 ቤት ያለው ብሎክ በቀን 6,000 ሊትር ያወጣል። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 18,000 ሊትር፣ ማለትም 18 ሜትር ኩብ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን ሮቶዎች ቆጥረው ከዚህ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱን ሲያዩ ለምን በየቤቱ በርሜል እንደቆመ ይገባዎታል። ትክክለኛው መንገድ ትልቁን ታንከር መሬት ላይ አድርጎ፣ ትንሹን ጣሪያ ላይ አስቀምጦ በፓምፕ ማውጣት ነው። ፓምፑ ወደ 20 ሜትር ከፍታ የሚያወጣ፣ ላይኛው ሲሞላ የሚያቆም፣ ታችኛው ሲደርቅም የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው ይሁን። ደረቅ የሠራ ፓምፕ ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማኅተሙ ቶሎ ይቃጠላል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሮች ፓምፕ ደጋግመው የሚገዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስት ነገር ፈጽሞ አይደረግም። አንደኛ፣ ከከተማው መስመር በቀጥታ በፓምፕ መሳብ። የጎረቤትን ውኃ መውሰዱ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ መሳብ ሲፈጠር በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል ከውጭ ያለ ቆሻሻ ይገባል፤ የፍሳሽ መስመር ቅርብ ባለበት ሳይት ይህ በሽታ ነው። ሁለተኛ፣ በረንዳ ላይ 1,000 ሊትር ሮቶ ማቆም። ሲሞላ ከአንድ ቶን በላይ ነው፣ የሚያርፈውም አንድ ካሬ በምታክል ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ወለል በካሬ ወደ 200 ኪሎ ተገምቶ ነው የሚሠራው፤ በረንዳ ከዚህ ቢበልጥም አንድ ቶን አይደለም። ግዴታ ከሆነ 200 ሊትር በርሜሎችን አራርቆ፣ ከቢም አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ክዳን የሌለው ወይም ብርሃን የሚያስገባ ታንከር መጠቀም፤ አልጌ ያበቅላል።

ቤት ሲጎበኙ የሚደረግ ፍተሻ፦ ውኃ ባለበት ቀንም በሌለበት ቀንም ይሂዱ። ባልዲና ስልክ ይዘው አሥር ሊትር በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለኩ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሻወር የለዎትም ማለት ነው። ከዚያ ታንከሩ የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ፣ መቼ እንደታጠበ ይጠይቁ። ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስለ ማኅበሩ ብዙ ይነግራል።

ፍሳሽና መታጠቢያ ቤት

በላይና በታች ጎረቤት መካከል ያለው ጠብ አብዛኛው ከመታጠቢያ ቤት ወለል ይነሳል። የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ ሴራሚኩ አይደለም። ቱቦው ሶሌታውን የሚያልፍበት ቀዳዳ ከተሠራ በኋላ ተቦርቡሮ፣ በቀጭን ሞርታር ተደፍኖ ይቀራል፤ በ110 ሚሊሜትር ቱቦው ዙሪያ ያለው ቀለበት ሲላቀቅ ውኃው መንገድ ያገኛል። ሴራሚኩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በአግባቡ የሚጠገነው እንዲህ ነው፦ የድሮው ሴራሚክና ሊሾ እስከ ሶሌታው ይነሳል። የቱቦው ዙሪያ ተጠርጎ ሲደርቅ በማይኮማተር ሞርታር ይሞላል። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል እንዲዘቅዝቅ ተደርጎ ይነጠፋል። ሲደርቅ ሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ የውኃ መከላከያ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አቋርጦ ይቀባል፤ ማዕዘኖቹ ላይ መረብ ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል። ከዚያ ማፍሰሻው ተደፍኖ 3 ሳንቲሜትር ውኃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆያል። ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱን አይቶ ደረቅ ነው ካለ ብቻ ሴራሚክ ይነጠፋል። ይህን የአንድ ቀን ፈተና የሚዘል ሠራተኛ አይቅጠሩ።

ሽታ ካለ ሁለት ምክንያት ነው የሚኖረው። አንዱ የወለሉ ማፍሰሻ የውኃ ማኅተም፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ ቆሞ ሽታውን የሚያግድ ውኃ፣ የለውም ወይም ደርቋል፤ ውኃ አፍስሰው ከጠፋ መልሱ ተገኘ። ሌላው የፍሳሽ ቱቦው ጣሪያ ላይ አየር የሚያገኝበት ጫፍ ተደፍኗል ወይም ከመጀመሪያው አልወጣም። ከላይ አንድ ሰው ሽንት ቤት ሲለቅ ታች ያለው ሲንክ ጉርጉር ካለ መንስኤው ይህ ነው፤ ፈሳሹ ሲወርድ የሌሎቹን ማኅተም እየሳበ ያደርቃል።

ማንሆል ሞልቶ ግቢ ውስጥ የሚፈሰው ደግሞ በብዛት የምንጥለው ነገር ነው ጥፋቱ። የቡና አተላ፣ የሊጥ ዕቃ የታጠበበት ውኃ፣ የወጥ ቅባት በአንድነት ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዙ እንደ ጭቃ ይደርቃሉ። አተላውን በቆሻሻ መጣል፣ ቅባቱን በወረቀት መጥረግ፣ ሲንኩ ላይ ማጣሪያ ማድረግ። ማኅበሩ በበኩሉ ማንሆሎቹን ከክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ ማስጠረግ አለበት። የዝናብ አሸንዳ ወደ ፍሳሽ ማንሆል መገናኘቱንም ያጣሩ፤ ከተገናኘ ሐምሌ ላይ መሙላቱ የማይቀር ነው።

መብራት

የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድና በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ከሌላ ሶኬት ጋር ከተያያዘ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይ የሶኬቱ ፕላስቲክ ይቀልጣል። ብሬከሩ እንዳይወድቅ ብሎ በትልቅ መቀየር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው። ለምጣዱ ብቻውን ከማሰራጫው በ4 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ የተለየ መስመር ይዘርጋ፤ ብሬከሩ 20 ወይም 25 አምፔር ይሁን፤ አርዝ ይኑረው። ውኃ ማሞቂያውም የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያም ይገባለት። ምጣድ፣ ምድጃና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲበሩ ከ30 አምፔር ያልፋሉ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሞቂያውን ማጥፋት ይለመድ። እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮትም አይዘጋ፤ የወጥ ቤት ጣሪያ ላይ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የቤት ምርጫ

ሊፍት የለም። አንድ ወለል 17 ያህል እርከን ቢኖረው አራተኛ ለመድረስ ወደ 70 ይወጣል። አረጋዊ፣ የጉልበት ሕመምተኛ ወይም ዊልቸር ተጠቃሚ ካለ ከምድር ወለል በላይ አይታሰብ። እርከኖቹን በሜትር ይለኩ፤ ቁመታቸው እኩል ካልሆነ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ልዩነት እንኳ በጨለማ ሰው ይጥላል።

አራተኛ ወለል ጸጥታና አየር አለው፤ ግን ቆርቆሮው ከራስ በላይ ስለሆነ ቀን ይሞቃል፣ የዝናቡ ድምፅ ይረብሻል፣ አሸንዳ ከተደፈነም ውኃው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ሁለተኛ ወለል በእኔ ግምት ከሁሉም የተመጣጠነ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ይሞቃሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው፤ በደመናማው ክረምት ልብስ የሚደርቀውም በዚያ ወገን ነው። የኤልቲዜድ መስኮት ከሆነ ነፋስ ያለበት ዝናብ ሲጥል መጥቶ ማየት ያዋጣል፤ ከታችኛው ጠርዝ የሚገባውን ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የቆየውን ማጣበቂያ አንስቶ በሲሊኮን መሙላት ያስቆመዋል።

40/60 የተባሉት ረዣዥም ሕንፃዎች፣ እንደ ሰንጋ ተራና ክራውን ያሉት፣ የተለየ ዕቃ ናቸው፤ ሊፍት አላቸው። እዚያ መጠየቅ ያለበት መብራት ሲጠፋ ሊፍቱን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር መኖሩ፣ የጥገና ውሉ ከማን ጋር እንደሆነና ነዳጁን ማን እንደሚከፍል ነው።

ግቢውና ማኅበሩ

የንድፉ ደራሲዎች የአገሩን ኑሮ አስበዋል። ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ታስቦ የተሠራ ነው። ከመስፈርቱ ሁሉ ጥሩ የተባለው ይህ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ለመጋዘን ወይም ለንግድ ተከራይቶ ሲገኝ የሚያሳዝነው። ቤቱን ከመውሰድዎ በፊት ኮሚናሉ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለቅሶ ቢመጣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ መኖሩንም ጭምር።

የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ የሚል ምጣኔ አስቀምጧል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አረንጓዴው ቀስ በቀስ የመኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ የቆርቆሮ ጋራዥ እየሆነ ነው። የመኪና ማቆሚያ በቂ ሆኖ አለመታሰቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን አፈሩ በሙሉ በሲሚንቶ ሲሸፈን የዝናቡ ውኃ የሚሰርግበት አጥቶ ወደ ምድር ቤቶች ይሄዳል። ውኃ የሚያሳልፍ ድንጋይ መደርደር ለሁለቱም መፍትሔ ነው።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ባለቤት የግል ቤቱና ከጋራው የማይነጣጠል ድርሻ እንዳለው ይደነግጋል፤ የጋራውን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለዚህ ሲገዙ ከካርታው በተጨማሪ ከማኅበሩ እነዚህን ይጠይቁ፦ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ቤቱ ያልተከፈለ መዋጮ እንደሌለበት የሚያሳይ ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን ዓመት የገቢና ወጪ ዝርዝር፣ የባንክ ሒሳቡን ቀሪ። በዝርዝሩ ውስጥ ለጥበቃና ለጽዳት ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ካዩ፣ ለፓምፕ፣ ለአሸንዳና ለማንሆል የተቀመጠ ነገር ከሌለ፣ ቀጣዩ ብልሽት ሲመጣ በነፍስ ወከፍ መዋጮ እንደሚጠየቁ አስቀድመው ቆጥረው ዋጋ ይነጋገሩ። በዕጣ የደረሰ ቤት ሲሆን ደግሞ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ማለፉንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ገደቡ ሳያልፍ በውክልና የሚደረግ ሽያጭ ገዢውን ያለ ዋስትና ያስቀራል።